የማይቀበር በለስ

ኦራዚዮ የበለሱን ችግኝ ግንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ መሬት ማጎንበስ ሲጀምሩ ሎሬዳና የምትገፋውን ጋሪ ትታ ሮጠች። ስትደርስ ግንዱ ሲጢጥ እያለ ነበር።

“አባዬ፣ ልቀቀው። ገና አልገዛነውም እኮ።”

“አየሁት እንጂ ምን አደረግሁት?”

“ዕቃ የሚታየው በዓይን ነው።”

“የአንቺ ዕቃ ይሆናል በዓይን የሚታየው” አሉና ለቀቁት። ችግኙ ተስፈንጥሮ ቀና አለ። ኦራዚዮ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሄ ደረቅ ነው፤ አይሆንም” ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ።

እስካሁን ስንቱን “አይሆንም” እንዳሉ ሎሬዳና መቁጠር ትታለች። ግንቦት እያለቀ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በመሆኑ ከዩቲካ ወጣ ብሎ ያለው ችግኝ መሸጫ የቲማቲምና የአበባ ችግኝ በሚገዛ ሰው ተጨናንቋል። ሎሬዳና የአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሁሉ “አተር አልበላም” ሲላት ነው የምትውለው። ቅዳሜዋን ለዚህ ጉዳይ መስጠቷ ሳያንስ አሁን ደግሞ የሰማንያ አንድ ዓመት ልጅ “ይሄን አልፈልግም፣ ያንንም አልፈልግም” እያለ እግሯን ማቅጠን ይዟል።

ያም አልበቃ ብሎ ጃቺንቶ አብረው መጥተዋል። ጃቺንቶ የአባቷ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ጣሊያን ውስጥ የካላብሪያ ተራራ ላይ ካለች አንዲት መንደር ወጥተው ዩቲካ አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቤት ከገዙ ጀምሮ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። ዛሬ ማንም አልጠራቸውም። መኪናው ሊነሳ ሲል የኋላውን በር ከፍተው ገቡና፣ “አባትና ልጅ ብቻቸውን በለስ መርጠው አይስማሙም፤ ዳኛ ያስፈልጋል” ብለው ቀበቷቸውን አሰሩ። መንገዱን ሙሉ ያፏጩ ነበር።

ሎሬዳናን የሚያንገበግባት ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ተብሎ እንደሆነ አባቷ አሳምረው ማወቃቸው ነው።

በዩቲካ የበለስ ዛፍ ያለው ጣሊያናዊ በረዶው ሳይገባ ዛፉን ይቀብራል። በአንድ በኩል ሥሩን በአካፋ ይቆርጥለታል፤ በሌላው በኩል እንደ ዛፉ ቁመት ቦይ ይቆፍራል። ከዚያ ቅርንጫፎቹን በገመድ ሰብስቦ ዛፉን ቀስ አድርጎ ያስተኛዋል፤ ደረቅ ቅጠል፣ ጣውላና አሮጌ ምንጣፍ አልብሶ አፈር ይመልስበታል። በሁሉም ሰው ግቢ ውስጥ መቃብር የመሰለ ጉብታ ይከርማል። ኦራዚዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ባለፈው ኅዳር ግን፣ ነገ ሊያግዙ የሚመጡት ሰዎች ሳይደርሱ ቦዩን ላዘጋጅ ብለው ብቻቸውን ሲቆፍሩ እግራቸው ከዳቸውና የቆፈሩት ውስጥ ወደቁ። መነሳት አልቻሉም። ጃቺንቶ በአጥሩ ላይ ተጣርተው መልስ ሲያጡ ገብተው ሲያዩ ቦዩ ውስጥ ተጋድመው አገኟቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ባርኔጣቸው ግን ከራሳቸው አልወረደም። “ትንሽ ዐረፍ ልበል ብዬ ነው” አሉ።

የሎሬዳና ወንድም ኔሎ ያን ዕለት ማታ ከሚኖርበት ከሲራኪዩስ ከተማ መኪናውን አብርሮ መጣ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ “ሁለተኛ አካፋ ከያዘ ቤቱ ይሸጣል፤ እሱም እኛ አጠገብ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ይገባል” አለ። ቀልዱን አልነበረም። ቤቱን ለመሸጥ ደላላ እስከ ማነጋገር ደርሷል። አባቷ ከዚያ ቤት ከወጡ ዓመት እንደማይሞላቸው ሎሬዳና ታውቃለች። እዚያ ቤት ውስጥ መሄጃቸውን የሚያውቁት ግድግዳ እየዳሰሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ይጠፋሉ።

መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት መጣ። በኦራዚዮ መንደር በለስ የሚያቆጠቁጠው በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው፤ በዩቲካ የዮሴፍ ዕለት በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ኦራዚዮ ይህን ልዩነት ተቀብለውት አያውቁም። ባለቤታቸው ፊሎሜና በሕይወት ሳሉ አንድ ዓመት አካፋውን ለሰው አውሰው፣ አንድ ዓመት ወገቤን ብለው ተኝተው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያቆዩአቸው ነበር። ፊሎሜና ባለፈው ሐምሌ ዐረፉ። ዘንድሮ ከልካይ አልነበረም፤ ኦራዚዮ በዮሴፍ ዕለት፣ ሰዎቹ ኅዳር ላይ የቀበሩላቸውን ዛፍ አውጥተው አቆሙት። በምን ቆፈርከው ተብለው ሲጠየቁ፣ “አካፋ አልያዝኩም፤ በድስት ነው” አሉ። ሚያዝያ ላይ ውርጭ መጥቶ ዛፉን እስከ ሥሩ ገደለው። ጃቺንቶ ቅርፊቱን በቢላ ፍቀው ፍቀው አረንጓዴ ነገር ሲያጡ፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አሉ። በዚህም ሁለቱ ሽማግሎች ብዙ ጊዜ ተኮራርፈው ሰነበቱ።

መላ የዘየደችው ሎሬዳና ናት። ብርድ የሚችል፣ ሳይቀበር በቁሙ የሚከርም የበለስ ዓይነት እንዳለ አንብባ ለኔሎ ነገረችው። ቦይ ከሌለ አካፋ የለም፣ አካፋ ከሌለ ቤት የሚሸጥበት ምክንያት የለም። ኔሎ ተጨቃጭቆ ተጨቃጭቆ፣ “ከአካፋ ከተገላገልን ይሁን” አለ። አባቷም እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ዓይኗን አለማየታቸውን ያኔ ልብ ማለት ነበረባት።

“ይሄኛውስ?” አለች አሁን፣ ቅጠሉ እንደ ትልቅ ሰው መዳፍ የተዘረጋ አንድ ችግኝ እያሳየች። “አባዬ፣ ስለዚህ ነው ያነበብኩልህ። ብርድ በመቻል የታወቀ ነው። ስሙም ቺካጎ ይባላል።”

ኦራዚዮ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። “በለስ ቺካጎ ምን ሊሠራ ሄደ?”

“ስሙ ነው እንጂ—”

“የመንደሩን ስም የረሳ በለስ ቤቴ አይገባም።”

የችግኝ መሸጫው ባለቤት ዋንዳ በዚህ መሀል ደረሰች። ጸጉሯን በመሐረብ ያሰረች፣ ወፍራም፣ ፊቷ ፀሐይ የመታው ሴት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ኦራዚዮን በዓይኗ ስትከታተል ነበር። “አባት፣ እውነቱን ልንገርዎ” አለች። “ስሙ ቺካጎ ይሁን እንጂ ዘሩ ከዚያ አይደለም። ከሲሲሊ ነው የመጣው ይባላል፤ ከኤትና ተራራ።”

ዋንዳ ነገር ማብረዷ መስሏት ነበር።

“ሲሲሊ” አሉ ኦራዚዮ ቀስ ብለው። ወደ ጃቺንቶ ዞሩ። “ሰማህ? ሲሲሊያዊ ልታስገባብኝ ነው።”

“ምን አለበት?” አሉ ጃቺንቶ። “እኔ ሲሲሊያዊት አግብቼ ስንት ዓመት ኖርኩ።”

“እሱን አይተን አይደል የምንፈራው?”

“አንተ ደግሞ በለስ ነው የምትገዛው ወይስ አማች ነው የምትመርጠው? ብርድ ከቻለ፣ ካፈራ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

“ዝም በል። የአንተ በለስ የአልጋ ቁራኛ ነው።”

ይህ የቆየ ቁስል ነው። ጃቺንቶ ጉልበታቸው ሲደክም በለሳቸውን ባለ ጎማ በርሜል ውስጥ ተክለው በየኅዳሩ ወደ መኪና ማቆሚያቸው እየገፉ ያስገቡታል። ኦራዚዮ ያን ዛፍ ዛፍ ብለው ጠርተውት አያውቁም።

“የአልጋ ቁራኛውም ቢሆን አምና አፍርቷል” አሉ ጃቺንቶ። “የአንተው ጀግና የት አለ?”

 ኦራዚዮ ጎንበስ ብለው የሲሲሊውን ችግኝ ግንድ ያዙና ወደ ታች መጫን ጀመሩ። ሎሬዳና እጃቸውን ይዛ አስለቀቀቻቸው። ዋንዳ ሳቋን ለመደበቅ አንድ ቅጠል በጠሰች።

ሎሬዳና ጥርሷን ነክሳ ሌላ ረድፍ ወሰደቻቸው። እዚያ ያለው አንዱ ከሩማንያ የመጣ ነበር፤ ኦራዚዮ፣ “ሩማንያ ባሕር የላትም” አሉ። ዋንዳ ባሕር እንዳላት ብትነግራቸው፣ “እንግዲያው የኛ ዓይነት ባሕር አይደለም” አሉ። አንዱ ፍሬው ትንሽ ነው ተባለ፣ አንዱ ፍሬው ከመጠን በላይ ትልቅ ስለሆነ ውሃ ነው ተባለ። አንዱን ቅጠሉን ቆርጠው ወተቱን በጣታቸው አሹና አሸተቱት፤ “ወተቱ ቀጭን ነው” አሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሎሬዳና ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰው ሆዷ ይጮህባት ነበር፤ ስልኳም ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል። ኔሎ ነው። አላነሳችውም።

“እኔ የምመክራችሁ አንድ አለ” አለች ዋንዳ በመጨረሻ፣ ምናልባት ለሎሬዳና አዝና። ከፕላስቲክ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻቸው። የጡብ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከሎሬዳና ቁመት ያለፈ፣ ግንዱ የወፈረ በለስ በትልቅ በርሜል ቆሟል። “ይሄም የዚያው የሲሲሊው ዘር ነው፤ ለዓመታት ነው ያሳደግሁት። ያለፉትን በረዶዎች እዚሁ በቁሙ ነው የከረመው። ጫፍ ጫፉን ውርጭ ይቆርጥበታል፣ ከዚያ ያቆጠቁጥና በዚያው ዓመት ያፈራል። ከቤታችሁ ግድግዳ በፀሐይ በኩል ትከሉት። ልጆቼ በመኪና አምጥተው ይተክሉላችኋል። ከዚያ በኋላ ምንም አይፈልግም።”

“ምንም?” አለች ሎሬዳና። ድካሟ ሁሉ የለቀቃት መሰላት።

“ምንም። ረስታችሁት ብትሄዱም ይኖራል።”

ሎሬዳና ወደ አባቷ ዞረች። ኦራዚዮ ዛፉን እየዞሩ አዩት። ቅጠሉን ዳሰሱ፣ ወተቱን አሸተቱ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ግንዱን ጨበጡ፤ ጉልበታቸውን አጥፈው ተጫኑት። ዛፉ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ተጫኑት፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

ሎሬዳና ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ከጠዋት ጀምሮ እያጎነበሱ ያለፉትን ሁሉ አስታወሰች፤ ፍሬና ወተት፣ ሲሲሊና ሩማንያ ሁሉ ማሳበቢያ ነበር። አባቷ የሚፈልጉት የሚታጠፍ ዛፍ ነው። ሊቀብሩት ነው። ደሟ ፈላ።

“አባዬ፣ ለምንድን ነው የምታጎነብሰው?”

“ጥንካሬውን ልይ ብዬ ነው።”

“ውሸት። ልትቀብረው ነው። የማይቀበር ዛፍ ልንገዛ መጥተን ስንቱን ቀና ብሎ መቆም ስለሚችል ‘አይሆንም’ ስትል ዋልክ።”

ኦራዚዮ ግንዱን ለቀቁ።

“ከኔሎ ጋር ይሄን ሁሉ ጊዜ የተነታረክሁት ለማን ነው?” አለች። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን፣ የአበባ ገዢዎች መዞራቸውን አየች፤ ግድ አልሰጣትም። “ደላላውን ያባረርኩት ለማን ነው? ‘እሺ’ ብለኸኝ አልነበረም? ጉድጓድ ውስጥ ሞተህ ልናገኝህ ነው የምትፈልገው? ንገረኝ። ከፈለግህ አሁኑኑ ለኔሎ ልደውልለትና ቤቱን ይሽጠው፤ እኔም ልገላገል።”

የመጨረሻውን ባትለው ይሻላት ነበር። ኦራዚዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት። 

“ኔሎ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው መቼ ነው?” አሉ ኦራዚዮ።

“ምን አገናኘው?”

“መቼ ነው?”

“ለገና ነዋ።”

“ለገና እናትሽ ነበረች የምትሰበስባቸው። አምና ለገና ደውሎ ነው የቀረው፤ መንገዱ አስቸግሮታል ተብሎ።” ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። “ለበለሱ ግን ይመጣል። የጃቺንቶ ልጅም ይመጣል፣ የጎረቤታችን የቪቶ ልጆችም ይመጡ ነበር። ለምን? ብቻዬን አልችለውማ። አንዱ ገመድ ይይዛል፣ አንዱ ይቆፍራል፣ ልጆቹ ቅጠሉ ላይ ይዘላሉ። እናትሽ ቋሊማና ቃሪያ ትጠብሳለች፣ እኔ አዲሱን ወይን አወጣለሁ። አንድ ቀን ነው። ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል። ይሄ” አሉ፣ በርሜሉን በጫማቸው ነካ አድርገው፣ “ይሄ ማንንም አይፈልግም። ቆሞ ለሚከርም ዛፍ ማንን ምን ብዬ ልጥራ?”

“ኑ ብለህ ጥራቸዋ።”

“ለምን ይሉኛል።”

“ናፈቃችሁኝ በላቸው።”

ኦራዚዮ ልክ እብድ እንዳነጋገራቸው ሁሉ ልጃቸውን አዩአት። “ለኔሎ?”

ጃቺንቶ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። “እሱስ አይችልም” አሉ። “እኔም ለልጄ አልችልም። አባቶቻችን አላስተማሩንም። በለሱን እንቅበር ማለት ግን ማን ያፍራል?”

 ሎሬዳና አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን አልወጣላትም። ሰው እንዴት “ናፈቅከኝ” የሚለው ቃል ጠፍቶት መሬት ይቆፍራል? እናቷ በሞቱ ጊዜ ቤቱ ሰው አጥለቅልቆት ነበር፤ ከዚያ ሰዉ ተራ በተራ ወደየኑሮው ተመለሰ። እሷም ብትሆን በየሳምንቱ እሑድ የምግብ ዕቃ ይዛ ትገባለች፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ትደረድራለች፣ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ዕቃ ሰብስባ ትወጣለች። “ተቀመጪ እንጂ” ሲሏት “መኪናዬን ሳላጠፋ ነው የመጣሁት” ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለች አስታወሰችና አፈረች። ማፈሯም አናደዳት።

“ትንንሾቹስ?” አለች ወደ ዋንዳ ዞራ።

“የቱ ትንንሾቹ?”

“የዚሁ ዘር። ገና ያላደጉት። እነሱም በቁማቸው ይከርማሉ?”

ዋንዳ በአባትና በልጅ መካከል ጣልቃ መግባት እንዳልፈለገች ያስታውቃል። “እነሱ አይችሉም” አለች። “ብርድ ቻይ ቢሆንም ሥሩና ግንዱ እስኪጠና ድረስ ሦስት ዓመት ያህል መሸፈን አለበት። ከዚያ በኋላ እንደዚህኛው ይቆማል። ለዚህ ነው ትልቁን ያልኩሽ።”

“መሸፈን ማለት?” አሉ ኦራዚዮ። ከጠዋት ጀምሮ በትሕትና ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

“አንዳንዱ በምንጣፍ ይጠቀልለዋል። አስተኝቶ አፈር ማልበስ ግን ይበልጣል፤ ቀጭን ስለሆነ አያስቸግርም።”

“ሦስት ዓመት” አሉ ኦራዚዮ። በጣታቸው እንኳ ሳይቆጥሩ፣ “ይበቃኛል” አሉ።

 ጃቺንቶ ኪሳቸውን ፈትሸው መሐረብ አወጡና አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

ሎሬዳና ትልቁን ዛፍ አየችው። ግንዱን፣ ጡብ ግድግዳውን፣ በርሜሉ ላይ የተንጠለጠለችውን መለያ ወረቀት። ምንም የማይፈልግ ዛፍ። እሱን ብትገዛ ዛሬውኑ ይተከላል፤ ኔሎ ይደሰታል፣ ቤቱ አይሸጥም፣ እሷም ኅዳር በመጣ ቁጥር ልቧ አይንጠለጠልም። ይህን ሁሉ ካሰበች በኋላ ወደ ትንንሾቹ ሄዳ ከመካከላቸው አንዱን መረጠች፤ ቁመቱ ወገቧ የሚደርስ፣ ጣት የሚያህል ግንድ ያለው፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያወጣ። አንስታ አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

“ይሄ ነው” አለች። “ሲሲሊያዊ ነው፤ ስለሱ አንድ ቃል አልሰማም።”

ኦራዚዮ ጎንበስ ብለው ግንዱን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ታጠፈላቸው።

“አሁን ስማኝ” አለች ሎሬዳና። “ቦይ የምትቆፍረው አንተ አይደለህም። በዋዜማውም ‘ላዘጋጅ’ ብሎ ነገር የለም።”

“እሺ።”

“በድስትም የለም። በእጅም፣ በማንኪያም።”

“እሺ አልኩሽ።”

“የሚወጣውም እኔ ውጣ ስል ነው። በዮሴፍ አይደለም።”

“በዮሴፍ ማግሥትስ?”

“አባዬ።”

“እሺ፣ እሺ። ለራሱ ለበለሱ ብለሽ ግን ከፋሲካ አታሳልፊው” አሉና ችግኙን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። ሎሬዳና ቀድማቸው አነሳችው።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ኦራዚዮ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግኙን በጉልበታቸው መካከል ይዘውታል፤ ቅጠሉ አፍንጫቸውን ይነካቸዋል፣ ዘወር አያደርጉትም። ከኋላ ጃቺንቶ ስለ ሲሲሊ ሴቶች ያወራሉ፤ የሚያዳምጣቸው የለም። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ ሎሬዳና በመኪናው ድምፅ ማጉያ አነሳችው።

“ስንት ጊዜ ልደውል?” አለ ኔሎ። “ገዛችሁ? የማይቀበረውን ዓይነት?”

“ትልቁ ቀረ። ትንሹን ገዛሁ።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

ከኋላ የነበረው ወሬ ቆመ። ኦራዚዮ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ፤ ውጪ የሚታየው የነዳጅ ማደያ ብቻ ነው።

“ትንሹ ለሦስት ዓመት ይቀበራል” አለች ሎሬዳና።

“ሎሪ፣ ተስማምተን ነበር። ምንድን ነበር የተባባልነው? ከአካፋ—”

“የተስማማነው እሱ አካፋ እንዳይዝ ነው። አይይዝም። የምትይዘው አንተ ነህ። የኅዳርን ሁለተኛ ቅዳሜ ከአሁኑ ያዘው፤ ልጆቹንም ይዘሃቸው ትመጣለህ፤ ቡት ጫማ አስደርግላቸው። እኔ ቃሪያና ቋሊማ እሠራለሁ። መንገዱ አስቸገረኝ የሚባል ነገር አልሰማም።”

 “እኔ እኮ ገመድ ነው ስይዝ የኖርኩት” አለ ኔሎ። “ቦይ ቆፍሬ አላውቅም።”

ኦራዚዮ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ “ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ማታ ይምጣ” አሉ። “አፈሩን ቀድሞ ማየት አለበት። እኔ ቤት ማደሪያ ሞልቷል።”

“ሰምቻለሁ” አለ ኔሎ። “ዓርብ እንግዲህ” ብሎ ዘጋ።

ሎሬዳና ወደ አባቷ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ አልፋ ሄደች። ቀጥሎ ባለው መብራት ላይ ወደ ቀኝ ዞራ የመሣሪያ መደብሩ በር ላይ ደረሰች።

“እዚህ ምን ልታደርጊ ነው?” አሉ ኦራዚዮ።

“አካፋ ልገዛ።”

“አካፋ እኮ ቤት አለ። ድንቅ አካፋ።”

“ቤት ያለው አንድ ነው” አለችና መኪናዋን አጠፋች።